ምክር ቤት ገብቼ አንድ ቀን እንኳ አልተናገርኩም

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሐይቅ ከተማ አካባቢ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ2013ቱ ምርጫ በገዥው ፓርቲ ዕጩነት ተወዳድሬ የክልል ምክር ቤት አባል ሆንኩ። ስመረጥ በልቤ የያዝኩት አንድ ጉዳይ ነበር። ከክፍሌ እየቀሩ የሚዳሩት ልጆች ነገር ነው። ባሕር ዳር ለጉባኤ በሄድኩ ቁጥር ጥያቄዬን ጽፌ እሄዳለሁ። እጄን ሳላወጣ እመለሳለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልተናገርኩም። አሁን የቅሬያችን፣ ማለት የዕድራችን፣ ሴቶች ቡና ሲያፈሉ አይጠሩኝም። አንዷ በገበያ መሃል ‹ለአበል ነው እንዴ የመረጥንሽ?› አለችኝ። አጎቴ ደግሞ ልጁን ሥራ አላስገባሽልኝም ብሎ አኩርፎ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ባለቤቴ ‹ተይው ይቅርብሽ፣ ዘመኑም ደግ አይደለም› ይለኛል። በሌላ በኩል ድጋሚ እንድወዳደር እየጠየቁኝ ነው። በዝምታ ብተወው ይሻላል ወይስ ልቀጥል? — ተመራጯ፣ ከደቡብ ወሎ»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ለአበል ብሎ የገባ ሰው እጁን ባለማውጣቱ እንቅልፍ አያጣም።

የመወዳደሩን ነገር ወደኋላ ላቆየው። ደብዳቤውን ያስጻፈሽ እሱ አይመስለኝም። ያስጻፈሽ ዝምታው ነው፤ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ገበያ ላይ የተናገረችሽን ሴት ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። መንገድ የት አለ፣ ውሃ የት አለ አላለችሽም። የጠየቀችሽ ለምን እንደመረጡሽ ነው። የወሎ ሰው አንዲት መምህርት ብቻዋን መንገድ እንደማታስገነባ ያውቃል። ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ነገርሻቸው ወይ? ምን አሉሽ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ተመራጭ ባዶ እጁን ቢመለስ እንኳ ቡና ይጠራል። የማይመልስ ግን ጤና ጣቢያ ቢያሠራም ይታማል። ከሥራሽ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። የሰውን ጉዳይ አድርሰሽ የተሰጠሽን መልስ ደግሞ ይዘሽ መመለስ። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ።

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ከሌላውም ቦታ ይከብዳል። በ1965 እና በ1966 ረሃብ ወሎን ሲፈጅ ምክር ቤት የሚባለው ነገር አገሪቱ ውስጥ ነበረ። ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ከ1950 ወዲህ ደግሞ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። የወሎ ገበሬ ግን ችግሩን ለመናገር በእግሩ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ነበረበት፤ መንገድ ላይም ፖሊስ መለሰው። መንግሥት ወሬውን ደበቀ። ያንን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አጠገብሽ አሉ። አንድ ተወካይ ዝም ሲል የሚሰማቸው ስሜት ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ላይገባው ይችላል። አንቺ ግን ይገባሻል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ።

የክልል ምክር ቤት አባልነት ብዙ ሰው እንደሚገምተው ሥልጣን አይደለም። መኪና አልተሰጠሽም፣ ጸሐፊ የለሽም፣ በፊርማሽ የሚንቀሳቀስ በጀት የለም። ወደ 300 ከሚጠጉት መቀመጫዎች መካከል ቋሚ ሥራቸው እዚያ የሆነው አፈ ጉባኤው፣ ምክትሉና የቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዎች ናቸው። ሌላው እንዳንቺ አስተማሪ ነው፣ ገበሬ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጉባኤ ሲጠራ በወልድያ፣ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ጥቂት ቀን ተቀምጦ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ጥቂት ቀናት የሚሠራው ትንሽ አይደለም። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ይህ ጉባኤ ነው። የክልሉን በጀት ያጸድቃል። የቢሮ ኃላፊዎችንና የዳኞችን ሹመት ይሰጣል። የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ይሰማል። ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚሄዱትን ይመርጣል። የሚያወጣው ሕግ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ታትሞ ሐይቅ ያለው ሰው ቤት ድረስ ይገባል። በገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስትና የባል ስም አብሮ የሚሰፍረው በክልሉ የመሬት ሕግ ነው። እሱም በ2009 በአዋጅ ቁጥር 252 እንደገና የወጣ ነው። አንቺን የሚያሳስብሽ ጉዳይም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሕግ ሆኗል። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ አትዳርም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ልጅ ያገባውን ሰው ይቀጣል። ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ በምክንያት ነው። አዲስ ሕግ እንዲወጣ መጠየቅ የለብሽም። ሕጉ አለ፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። አፈጻጸምን መጠየቅ ደግሞ የተመረጥሽበት ሥራ ነው። «ክትትልና ቁጥጥር» እያሉ በየሪፖርቱ የሚጽፉት ይኼው ነው።

ጥያቄሽን ጽፈሽ እንደምትሄጂ ነግረሽኛል። ርዝመቱን ግን አልነገርሽኝም። ብዙ ተመራጭ ጥያቄ ብሎ የሚጽፈው ንግግር ነው። ስለ ሪፖርቱ በማመስገን ይጀምራል፣ የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራትና የሥራ አጥነት ችግር ይደረድራል፣ በዚያ መሃል ሰዓት ያልቃል። መልስ የሚሰጠው ኃላፊም «ችግሮቹን እናውቃቸዋለን፣ በሂደት ይፈታሉ» ብሎ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ እጅ ማውጣት በእርግጥም ያስፈራል፤ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅምና።

አንድ ቦታ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቢሮ ያለበት ጥያቄ ጻፊ። እንዲህ ያለ፦ «በምርጫ ክልሌ ባሉት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ባለፈው ዓመት ከ9ኛ ክፍል ያቋረጡ ሴት ልጆች ይህን ያህል ናቸው። ከመካከላቸው ያለ ዕድሜያቸው መዳራቸው ለፖሊስ የተነገረው ይህን ያህል ነው። ክስ የተመሠረተው በስንቱ ላይ ነው? የፍትሕ ቢሮው ይመልስልኝ።» ከዚያ ተቀመጪ። ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «በሂደት ይፈታል» የሚል መልስም አይመቸውም። ቁጥር የተጠየቀ ሰው ወይ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ወይ እንደሌለው በጉባኤ ፊት ይናገራል። ሁለቱም ላንቺ መልስ ነው።

ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ እንዳትይኝ። አንቺ መምህርት ነሽ። ስም መጥሪያው በእጅሽ ነው፣ ርዕሰ መምህሩ የሥራ ባልደረባሽ ነው፣ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ደጁ ቅርብ ነው። ከሌሎቹ ተመራጮች ይህ የሌላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ግን አደራ። የልጆቹን ስም አትጥሪ፣ ማን እንደሆኑ የሚያስለይ ነገርም አትናገሪ። አገሩ ትንሽ ነው። አንዳንዶቹም ከጋብቻው አምልጠው ወደ ዓረብ አገር ያቀኑ ይሆናሉ፤ እነሱን ለብቻ ብትቆጥሪያቸው ጥሩ ነው፣ ያው አንድ ቁስል ነውና።

ጥያቄው ደግሞ አዳራሽ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ጽፈሽ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ አስገቢ። መዝገብ ቤት አስመዝግበሽ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዢ። ቋሚ ኮሚቴ የቢሮ ኃላፊ ጠርቶ ማነጋገር ይችላል፣ መስክ መውጣት ይችላል። ወደ ሐይቅ እንዲመጡ ጠይቂ። ከምርጫ ክልልሽ የተመረጡ ሌሎች የክልሉ ምክር ቤት አባላትም ይኖራሉ፤ አብረው ይፈርሙበት። ሦስት ፊርማ ያለበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ለመቅረት ይከብደዋል። ስብሰባው ላይም አንዷ ሴት ባልደረባሽ ወዲያው ካንቺ ቀጥላ ያንኑ ጉዳይ እንድታነሳ ተነጋገሩ።

የበጀት ነገር ካለበት ጊዜውን እወቂ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በጀቱ ሊጸድቅ በቀረበ ዕለት «ለእኛ ወረዳ ጤና ጣቢያ» ብትይ እህሉ ከተካፈለ በኋላ አቁማዳ ይዞ እንደመምጣት ነው። ቢሮዎች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ቀደም ብለው ስለሆነ የግማሽ ዓመቱ ጉባኤ ላይ አንሺው። ሰው ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ ሲጠይቅሽ ደግሞ የክልል ሥራ እንዳልሆነ ንገሪው። ከደሴ ወልድያ የሚወስደው አውራ መንገድም የፌዴራል ነው። ለዚያ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አባላችሁ ነው። ማን እንደሆነና እንዴት እንደሚገኝ ለቅሬው ብታሳውቂ ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው። በእጅሽ የሌለውን ነገር «እናያለን» እያሉ መቀበል ነው ተመራጭን ውሸታም የሚያስብለው።

ስለ ድፍረቱም አንድ ነገር ልበል። በ1950ው ምርጫ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከዚያ በፊት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው ብዬ አላምንም። በየቀኑ ልጆች ፊት ቆማ የከበደውን ነገር አቅልላ የምታስረዳ ሴት ለአዳራሽ የሚሆን ድምፅ አላት። አንቺም አለሽ። ጥያቄሽን ባለቤትሽ ሰዓት ይዞልሽ ቤት ውስጥ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ከዚያ ልጆችሽ ፊት። አፍሽ ሲለምደው እጅሽም ይነሳል።

ወደ ቅሬው ልምጣ። አልጠሩኝም ብለሽ አትቀመጪ። ቡናው አንቺው ቤት ይፈላ። ያቺን ገበያ ላይ የተናገረችሽን ሴት በስሟ ጥሪያት፤ ከሁሉም በላይ የምትጠቅምሽ እሷ ናት። እንዳልተናገርሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ከዚያ የጻፍሽውን አንብቢላቸውና «ምን ልጨምር?» በያቸው። የማታውቂውን ነገር ታገኚያለሽ። የትኛው ቤት ሽማግሌ ልኮ ጋብቻ እንዳስቀረ፣ የትኛው ቀበሌ ላይ ዕድሜ እየተጨመረ እንደሚጻፍ እነሱ ያውቃሉ። የወንዶቹንም ስብሰባ አትዝለይው። የተጣላ የሚያስታርቁት አበጋሮችና የሃይማኖት አባቶች፣ ሸኹም ቄሱም፣ ጋብቻ ላይ ቃላቸው ከወረቀት በላይ ይሰማል። ወሎ ላይ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ በደንብ የተናገርሽው ነገር ሁሉም ቤት ይደርሳል።

ሊሰድቡሽ ይችላሉ። ይስደቡሽ። የተቆጣ መራጭ ገና ተስፋ ያልቆረጠ ነው። አትከራከሪ፣ ጻፊ። ከባሕር ዳር ስትመለሺ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሄደሽ የተባልሽውን ንገሪያቸው። በደንብ የተመለሰልሽንም፣ የተድበሰበሰብሽንም።

አጎትሽ። ይህ ከሁሉም የሚያም ነው፣ የሥጋ ነገር ስለሆነ። በስልክ አትጨርሺው። ሄደሽ እግሩ ሥር ተቀመጪ። ልጁን ሥራ ማስገባት የምትችይ መስሎት ነው ያኮረፈው፤ ማንም አስረድቶት አያውቅም። «አጎቴ፣ እኔ ቀጣሪ አይደለሁም፤ ብሆንም ያንተን ልጅ አስገብቼ የጎረቤትህን ልጅ ባስቀር አንተን ነው የሚያሙህ» በይው። ከዚያ የምትችይውን ስጪው። ማስታወቂያ በወጣ ቀን ትነግሪዋለሽ፣ ማመልከቻውን አብረሽ ታርሚዋለሽ፣ ለፈተና ታስጠኚዋለሽ። አስተማሪ አይደለሽ? ለሌላው የመንደር ልጅም ይህንኑ አድርጊ። አጎትሽ ኩርፊያው ቶሎ ላይለቀው ይችላል። ቢሆንም በዚህ አትላሊ። አንድ ዘመድ ያስገባ ተመራጭ ከዚያ ወዲያ የትኛውንም ቢሮ ቀና ብሎ አይጠይቅም፤ ኃላፊው ውለታውን ያውቃልና።

የባለቤትሽን ነገር በቀላሉ አላየውም። እውነቱን ነው፣ ዘመኑ ከባድ ነው። ሐይቅም ደሴም ኮምቦልቻም በ2014 ጦርነቱ ውስጥ ያለፉበትን ታውቂዋለሽ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆበት ነበር። የምክር ቤት አባላት የሆኑ ሰዎችም ታስረዋል። በምክር ቤት በሰጠሽው ድምፅና አስተያየት እንዳትከሰሺ ሕጉ ይከልልሻል፤ ይህንን ግን ብቻውን ተማምነሽ ቤተሰብሽን አታሳርፊበትም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ምኑን እንደሚፈራ ጠይቂው። መንገዱን ነው? እስሩን ነው? «የመንግሥት ሰው» ተብለሽ እንዳትጠቂ ነው? ወይስ ስምሽ ገበያ ላይ መነሳቱ ነው ያመመው? እያንዳንዱ የየራሱ መልስ አለው። መንገዱ ካሰጋ አትሂጂ፣ ጥያቄሽን በጽሑፍ ላኪ። ወደ ራቀው ቀበሌ መሄድ ካልተቻለ ለቅሬው ዳኛ ደውለሽ በስልክ ስሚ። ፓርቲሽ ድምፅ አሰጣጥ ላይ የሚልሽ ነገር ይኖራል። ስለ ልጆች ጋብቻ መጠየቅ ግን ከማንም ጋር የሚያጣላሽ ጉዳይ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሽን የምትከፍችበት ጉዳይ ይኼ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ስለ ወደፊትሽ አንድ አስተያየት ልጨምር፤ አልጠየቅሽኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። ለድጋሚ ውድድር የሚጠይቁሽ ሰዎች ሹመትም ሊያነሱልሽ ይችላሉ፣ የወረዳ ወይም የዞን ኃላፊነት። የእኔ ምርጫ ማስተማርሽን እንዳትለቂ ነው። ደመወዝሽ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ከሆነ ማንም «ወንበርሽን ታጪያለሽ» ብሎ አያስፈራራሽም። ክፍልሽ ውስጥ እስካለሽ ድረስም የትኛዋ ልጅ ዛሬ እንደቀረች ከማንም በፊት ታውቂያለሽ። ሹመቱን ከተቀበልሽ ራስሽ ተጠያቂ ትሆኛለሽ እንጂ ጠያቂ አትሆኚም። ሁለቱም ክቡር ሥራ ነው። አንቺ የተመረጥሽው ግን ለመጠየቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ገና አልጀመርሽውም። ለስብሰባ ስትሄጂ የሚያመልጣቸውን ክፍለ ጊዜ ግን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረሽ ቅዳሜም ቢሆን አካክሺላቸው። ስለ ሴት ተማሪዎች የምትናገር መምህርት የራሷ ተማሪዎች ትምህርት ሲባክን ዝም ማለት የለባትም።

እንግዲህ ልወዳደር ወይስ ልተወው ላልሽው። አሁን አትወስኚ። በዝምታ መተውን ግን አልመክርሽም፤ ከተውሽው በኋላም ጥያቄው አብሮሽ ይኖራል፣ ቅሬውም እንደዚያው። የቀረሽን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ላይ አውይው። ጠይቀሽ፣ መልሱን ይዘሽ ተመልሰሽ፣ ለሰዉ ከተናገርሽ በኋላ ራስሽን እዪው። ሁለተኛ ጥያቄ ለማንሳት ልብሽ ከተነሳ ተወዳደሪ፤ ያኔ የሚጠይቁሽን ሰዎች ስለ ሴቶችና ሕፃናት በሚሠራው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ መመደብ እንደምትፈልጊ ከወዲሁ ንገሪያቸው። ካልተነሳ ደግሞ ተይው። ስትተዪው ግን ለቅሬው አስታውቀሽ፣ የሰበሰብሽውን ቁጥርና የተሰጠሽን መልስ በአንድ ፋይል አድርገሽ ለሚተካሽ ሰው በእጁ ስጪ። አዲሱ ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር።

ጥያቄውን ስትጨርሺው ወደ ዓምዱ ላኪልኝ። ከረዘመ አብረን እናሳጥረዋለን። የልጆቹን ስም ግን ለእኔም አትጻፊልኝ።